ገመዱ ሲላላ ጉርሻ፣ ሲወጠር ቁም

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው። ሰው ውሻውን ይዞ ይወጣል፣ ከበሩ ሲያልፍ ግን ውሻው ሰውየውን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ጥቂቶቹን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

«የአንድ ዓመት ተኩል ጀርመን ሸፐርድ አለኝ። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። እሁድ ጠዋት ላንሸራሽረው ሳወጣው ትከሻዬን ሊገነጥለው ይደርሳል። ባለፈው ኮብልስቶን ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። ሰው ደግሞ ‹ንቆሽ ነው› ይለኛል።» (ከሰሚት)

እህቴ፣ ጉልበትሽን እግዜር ይማርልሽ። ውሻሽ ግን አልናቀሽም። የሚጎትተው መጎተት ስለሚያዋጣው ነው። የመብራት ምሰሶውን ማሽተት ይፈልጋል፣ ይጎትታል፣ አንቺ ትከተያለሽ፣ ምሰሶው ጋ ይደርሳል። ገመዱ ተወጥሮ እያለ የምትራመጂው እያንዳንዱ እርምጃ ለእሱ ደሞዝ ነው። ስድስት ቀን ከግቢ ሳይወጣ የሰነበተ ወጣት ውሻ በሰባተኛው ቀን ሲወጣ ቢያብድ ደግሞ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ከእሁድ በፊት ሌላውን ቀን እናስተካክል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ እዚያው ግቢ ውስጥ። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የሚሆን ገመድ ያዢ። ሳይበላ፣ እንደራበው ይሁን። ሽምብራ የምታክል የሥጋ ቁራጭ በእጅሽ ያዢና ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመጂ። ገመዱ ላላ ብሎ ከጎንሽ ካለ አጉርሺው። የምታጎርሺው ግን ከጉልበትሽ አጠገብ እንጂ ከፊትሽ እጅሽን ዘርግተሽ አይደለም። ውሻ የሚቆመው ጉርሻ በሚገኝበት ቦታ ነው።

ገመዱ በተወጠረ ቅጽበት ቁሚ። አትጎትቺው፣ አትጩሂበት፣ ዝም ብለሽ ምሰሶ ሁኚ። ዞር ብሎ ሲያይሽ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስና ገመዱ ሲላላ «ጎበዝ!» በዪና ቀጥዪ። ቆሞ ከቀረ ፊትሽን አዙረሽ በሌላ አቅጣጫ ሂጂ። በመጀመሪያው ቀን ከቤት ደጃፍ እስከ ግቢው በር ሩብ ሰዓት ሊፈጅብሽ ይችላል። ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ።

ግቢ ውስጥ ሲለምድ በሩ ላይ፣ ከዚያ ጭር ባለው ቅያስ፣ ዋናው መንገድ መጨረሻ ላይ። ያ የመብራት ምሰሶም ይጠቅምሻል። ገመዱ እንደላላ እስከ ምሰሶው ከሄደ «በል!» ብለሽ እስኪበቃው ያሽትት። ለውሻ ማሽተት ጋዜጣ እንደማንበብ ነው፤ አንዳንዴ ከሥጋም ይበልጥበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ ቆመሽ እያስተማርሽ ዘበኛው ወይም ወንድምሽ እየተጎተተ የሚያንሸራሽረው ከሆነ ልፋትሽ ገደል ገባ። አልፎ አልፎ የሚሳካ ነገር ጭራሽ አይተውም። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው አይተሽ የለ?

«ጉርሻ ጉርሻ ትላለህ። አሁን ግን ሁዳዴ ነው፣ እናቴ ቤት ውስጥ ሥጋ አታስገባም። በምን ላስተምር?» (ከጎንደር)

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ካሮት ወይም የደረቀ ዳቦ ቆራርጠህ ያዝ። የራበው ውሻ ለእነዚህም ልቡን ይሰጣል። እንዲያውም ከራቱ ላይ ቀንሰህ በእጅህ ብትሰጠው ሌላ ነገር አያስፈልግህም። ወጥ የነካው እንጀራ ግን ይቅር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ፣ ቀይ የደም ሴሉን ይጎዱበታል። ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ መርዝ ናቸው፣ ጾምም ይሁን ፍስክ።

«ውሻዬ ብቻውን ሲሆን ጨዋ ነው። የሰፈር ውሾች ሲጮሁበት ግን እኔንም አይሰማኝ። አንድ ቀን እንዳያስነክሰኝ ፈራሁ።» (ከጀሞ ኮንዶሚኒየም)

መፍራትህ ልክ ነው። በመጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወስዷል? ካልወሰደ ነገ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰደው፣ ሽርሽሩ ይቆየን። ቡችላ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያም በቀጠሮው ይደገማል። አንተን ውሻ ከነከሰህ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠበውና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። «የማውቀው ውሻ ነው» ብለህ አትዘናጋ።

አሁን ወደ ገመዱ። የሰፈር ውሻ ሰፈሩን ነው የሚጠብቀው። የአንተ ውሻ ደግሞ ታስሯል፣ መሸሽ አይችልም። መሸሽ ያልቻለ ይጮኻል። አንተ ፈርተህ ገመዱን ስትወጥር «እውነትም አደጋ አለ» ብለህ የነገርከው ያህል ነው።

መፍትሔው ርቀት ነው። ውሾቹን እያየ ከእጅህ መብላት የሚችልበትን ቦታ ፈልግ። ሃምሳ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሥጋ ካልበላ በጣም ቀርበሃል፣ ወደ ኋላ ተመለስ። እዚያ ቆመህ ውሾቹን ባየ ቁጥር አጉርሰው። አየ፣ ጎረሰ። አየ፣ ጎረሰ። ከቀናት በኋላ ውሻ ሲያይ ወዲያው ፊቱን ወደ አንተ ማዞር ይጀምራል። ያኔ ጥቂት እርምጃ ቅረብ።

ሰዓትም ምረጥ። ሌሊትና ንጋት ላይ መንገዱ የእነሱ ነው። ረፋዱ ላይ ግን አብዛኞቹ ፀሐይ ላይ ተጋድመው ነው የምታገኛቸው። ከመጡብህ አትሩጥ፣ በእነሱና በውሻህ መካከል ቁምና ቀስ ብለህ ራቅ። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት የአገራችን ውሻ ሁሉ የሚገባው ቋንቋ ነው። መወርወር አያስፈልግም።

«አንድ አሠልጣኝ ነኝ ያለ ሰው ሲጎትት የሚያንቅ ሰንሰለት ግዛ አለኝ። ሲያንቀው ይተዋል ወይ?» (ከቢሾፍቱ)

ዛሬ ሊተው ይችላል። ግን ውሻው ሕመሙን ከምን ጋር ያያይዘዋል? ሕፃን ባለፈ ቁጥር አንገቱ ከታነቀ «ሕፃን ሲመጣ ያመኛል» ብሎ ሊማር ይችላል። ከዚያ በኋላ የምትታገለው ከመጎተት ጋር ሳይሆን ከመንከስ ጋር ነው። የመተንፈሻ ቧንቧውም እዚያው ነው ያለው። እኔ አልመክርህም።

የደረት ማሰሪያ ይሻልሃል፣ ሃርነስ የሚሉት። ነገር ግን የገመዱ ቀለበት የት እንዳለ እይ። አንተ ጋሪ በማይጠፋበት ከተማ ነው ያለኸው። ፈረሱ በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ የሚጎትተው እንዲመቸው ነው። ቀለበቱ ውሻው ጀርባ ላይ ከሆነ አንተም ጋሪ ሆንክ ማለት ነው። ደረቱ ላይ ፊት ለፊት ከሆነ ግን ሲጎትት ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ጉልበቱ ይባክናል። ገበያ ላይ ካጣኸው ጎበዝ ጫማ ሰፊ በሰፊ ጥብጣብ ይሠራልሃል። ብብቱን እንዳይልጠው ብቻ ተጠንቀቅ። ማሰሪያው ማስተማሩን አይተካም፣ እስኪማር ድረስ ትከሻህን ያተርፍልሃል።

«አፓርትመንት ነው የምኖረው። ትንሿ ውሻዬ ገመዱን ከማንሳቴ ትዘላለች፣ ትጮኻለች፣ አሳንሰር ውስጥ ትሽከረከራለች። ጎረቤት ከሰሰኝ። የምጠቀመው ራሱ የሚጠቀለለውን ረጅም ገመድ ነው።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ያንን ገመድ አስቀምጪው። ውስጡ ያለው ሞላ ሁልጊዜ ይወጥረዋል፣ በጎተተች ቁጥር ደግሞ ይረዝምላታል። «ጎትቺ፣ ይጨመርልሻል» እያልሻት ነው።

ሁለተኛ፣ ሽርሽሩ የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ሳይሆን ገመዱ ከተሰቀለበት ቦታ ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ገመዱን አንሺና ቡናሽን ለመጠጣት ተቀመጪ። መልሰሽ ስቀዪው። ገመድ ማለት ሁልጊዜ መውጣት እንዳልሆነ ሲገባት ትረጋጋለች። የእውነት ስትወጡ፣ ከዘለለች መልሰሽ ስቀዪ፣ አራት እግሯ መሬት ሲነካ እሰሪ። ከሥራ በፊት ቸኩለሽ አትሞክሪው፣ ቅዳሜ ጀምሪ። አሳንሰር ውስጥ ጥግ ይዘሽ ጥቂት ምግብ ወለሉ ላይ በትኚላት። አፍንጫዋ ሥራ ሲይዝ አፏ ዝም ይላል።

«ዱባይ ነኝ። የአሠሪዬን ውሻ ሳንሸራሽር በእግሩ ጫፍ እየዘለለ ይጎትተኛል።»

ይህ የሥልጠና ጉዳይ አይደለም፣ አስፋልቱ ግሎ መዳፉ እየተቃጠለ ነው። የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሴኮንድ አቆዪው። አንቺ ካልቻልሽ እሱም አይችልም። በበጋው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ብቻ አውጪው። አሠሪሽም ይህንኑ ሙከራ በእጃቸው ቢያዩት ጥሩ ነው።

«ልጄ፣ እኛ ስናድግ ውሻ ሳይታሰር ከብት ይከተል ነበር። አሁን ለመራመድም ጉርሻ? ለማንኛውም የልጅ ልጄ ያመጣው ቡችላ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስነሳ ነጠላዬን ነክሶ አይለቅም። ምን ይሻላል?» (ከደብረ ብርሃን)

አባቴ፣ እውነትዎን ነው። የባላገር ውሻ እንደልቡ ስለሚሄድ የሚጎትተው ሰው የለውም። ገመዱን ያመጣብን መኪናው ነው።

ቡችላው ነጠላዎን የሚይዘው እርስዎ ስለሚጎትቱት ነው። እርስዎ ወደዚያ፣ እሱ ወደዚህ፣ ለእሱ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ የለም። ሲይዝዎት አይታገሉት፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ። የማይንቀሳቀስ ጨርቅ ቶሎ ይሰለቸዋል። ሲለቅ አሮጌ ጨርቅ ይወርውሩለት፣ እሱን ይንከስ። እሁድ ጠዋት ግን ነጠላውን ከመልበስዎ በፊት ቡችላውን ለልጅ ልጅዎ ያስይዙት።