ሞግዚቷ ካሜራውን ትወቅ ወይስ አትወቅ?

ጥያቄ፦ የ9 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ሞግዚቷን ያገናኘኝ ደላላ ነው፤ ተያዥ አላት፤ ሦስት ወር ሆናት። ክፉ ነገር አላየሁባትም፤ ግን ጠዋት ስወጣ ልጁ እየጮኸ ነው የሚቀረው። እህቴ ከዱባይ የዋይፋይ ካሜራ ልካልኛለች፤ «ሳትነግሪያት መደርደሪያው ላይ ሸሽጊው» ትላለች። ልሸሽገው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ይስቀሉት፤ አይሸሽጉት። መደርደሪያውን በየቀኑ የምትወለውለው እኮ እሷ ናት። ገመዱ ሶኬት ይፈልጋል፤ ክፍሉ ሲጨልም ደግሞ የብዙዎቹ ካሜራዎች የሌሊት መብራት እንደ ፍም ይቀላል። ሳይውል ሳያድር ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ወይ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ወይ ምንም ሳትናገር ልጁን ካሜራው ወደማያየው ክፍል ይዛው ትውላለች። ሁለተኛው የባሰ ነው። በዚያ ላይ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተደነገገው የግል ሕይወት የመከበር መብት ለቤት ሠራተኛም ነው።

የሚነግሩበትን ቀን ይምረጡ። ወተት በተደፋበትና በተቆጡበት ቀን ከሆነ ቅጣት ይመስላታል። ረጋ ባለ ሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩን ይስጧትና ራሷ ትየው፦ «ይኸውልሽ፣ የሚታየው እስከዚህ ነው፤ ድምፁን ዘግቼዋለሁ፤ ልጁ ቢወድቅ ምን እንደሆነ ስለሚያሳይ አንቺንም ከሐሜት ያድንሻል።»

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ወንድ በማይውልበት ቤት ሴት ሻሿን ፈታ ትሠራለች፣ ትታጠባለች፣ ትሰግዳለች። ምስሉ ባለቤትዎ ስልክ ላይም የሚደርስ ከሆነ ቤቱ ወንድ ይውልበታል ማለት ነው። ወይ እርስዎ ብቻ ይዩት፣ ወይ እሱም እንደሚያይ አስቀድማ ትወቅ። የምትተኛበትና ልብስ የምትቀይርበት ክፍል፣ መታጠቢያውም፣ ካሜራ አይገባባቸውም። ሳሎን የምትተኛ ከሆነ እርስዎ ማታ ሲገቡ ገመዱን ይንቀሉት።

አሰቃቀሉ ቀላል ነው፦ ልጁ የሚጫወትበትና የሚበላበት ክፍል ጥግ ላይ፣ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጀርባው ወደ መስኮቱ ዞሮ። ፊቱን ወደ መስኮቱ ካዞሩት ልጁ ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው። ካሜራው ራውተሩን አላገኝም ካለ አብዛኞቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ራውተሩ ላይ እሱን ይክፈቱ። ፋብሪካው የሰጠውን ፓስወርድ በመጀመሪያው ቀን ይቀይሩ።

ስለ ለቅሶው፦ ልጅ ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ እናቱ ስትለየው ማልቀሱ የዕድሜው ጠባይ ነው፤ ሞግዚቷን አያስወነጅልም። መታየት ያለበት እርስዎ ከወጡ ከ15 ደቂቃ በኋላ ያለው ነው። ተረጋግቶ እየተጫወተ ከሆነ ስልኩን ይዝጉትና ሥራዎን ይሥሩ። ቀኑን ሙሉ ማፍጠጥ ለሁለታችሁም አይበጅም፤ አንድ ጊዜ ሲመገብ፣ አንድ ጊዜ ከእንቅልፍ ሲነሳ ማየት ይበቃል። የሚድህ ልጅ ግንባሩና ቅልጥሙ ቢበልዝ የተለመደ ነው። ጆሮው፣ አንገቱ፣ ጀርባው፣ ሆዱ ወይም መቀመጫው ላይ በለዝ ካዩ ግን ካሜራውን ከመፈተሽ በፊት ልጁን ወደ ሐኪም ይውሰዱ።

ካሜራ የማያየውም አለ። በደሴ ብርድ በተዘጋ ክፍል ከሰል ቢቀጣጠል ጋዙ መልክም ሽታም የለውም፤ ምስሉ ላይ ልጁ የተኛ ነው የሚመስለው። ማንደጃው ልጁ ወዳለበት ክፍል እንዳይገባ ቁርጥ አድርገው ይንገሯት። የበላበትንና የተኛበትን ሰዓት በደብተር ትጻፍልዎ፤ መጻፍ ካልቻለች ማታ ይጠይቋት። ዳይፐሩን ጠዋትና ማታ መቁጠርም ብዙ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ 24 ሕፃናት የምንይዝበት ማቆያ አለን። ብዙዎቹ እናቶች ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ። «ካሜራውን በስልካችን ቀጥታ እንድናይ ክፈቱልን» ይሉናል፤ ሞግዚቶቻችን ደግሞ ከተከፈተ እንለቃለን አሉ።

መልስ፦ ይቅረጹ፤ ቀጥታውን ግን አይክፈቱ። ለአንዷ እናት ሲከፈት የሌሎቹን 23 ልጆች ጭምር ታያለች፤ ዳይፐር ሲቀየርላቸውም። ከስክሪን ላይ ተነስቶ ቴሌግራም የገባ ፎቶ ደግሞ አይመለስም። ምስልም የግል መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያስታውሱና ልጅ ሲመዘገብ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ከዚህ ሌላ፣ በሁለት ደቂቃ ዕረፍቷ ስልኳን የከፈተች እናት ልጇ ሲያለቅስ ታያለች እንጂ ያስለቀሰውን አታይም፤ ቀሪውን ፈረቃ እንዴት እንደምትጨርሰው መገመት ነው። መስመሩም አይችልም፦ 20 እናቶች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 1 ሜጋቢት እኩል ቢከፍቱ ከማቆያው የሚወጣው በሰከንድ 20 ሜጋቢት ነው።

የሃርድ ዲስኩ ሒሳብ እንዲህ ነው። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሲቀርጽ በ24 ሰዓት 21 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። አራት ካሜራ 86 ጊጋባይት፤ 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ያህል ይይዛል። ሲሞላ አሮጌውን ራሱ ይደመስሳል። ስለዚህ ልጅ የተጎዳበት ቀን ካለ ምስሉን በዚያው ዕለት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ለእናትየውም ሳትጠይቅ ንገሯት። ልጇ ተቧጭሮ ቤት ስትደርስ ያየች እናት ከዚያ በኋላ የምታሳዩዋትን ምስል አታምንም።

ወላጅ ማየት ሲፈልግ የየትኛውን ቀንና ሰዓት እንደሆነ ይንገር፤ ኃላፊዋና ሞግዚቷ ባሉበት ይታይ፤ ኮፒ አይሰጥ። ፓስወርዱ አንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ያ ሰው ሲለቅ ይቀየር። ሞግዚቶቹም ምስሉ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በውላቸው ላይ ቢጻፍላቸው ማስፈራሪያቸው የሚረግብ ይመስለናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሩ ነው፦ ወላጅ ያለቀጠሮ በፈለገው ሰዓት ገብቶ ልጁን ማየት ይችል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ካሜራው ይቋረጣል፤ ሲመለስም ሰዓቱ ይዛባል። (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ካሜራው 5 ዋት፣ ራውተሩ 10 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ ሁለቱን 4 ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል፤ ራውተሩ 12 ቮልት ከሆነ ከ5 ወደ 12 የሚያሳድግ ኬብል ያስፈልገዋል። ሰዓቱ የሚዛባው ካሜራው ሰዓቱን ከኢንተርኔት ስለሚወስድ ነው፤ መስመሩ እስኪመለስ 1970 ላይ የሚመዘግቡም አሉ። የሰዓት ቀጠናውን +3 ላይ ያድርጉት። ምስሉ ላይ 08:00 የሚለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ «8 ሰዓት ላይ ልጁን ሳታበላ ተኝታለች» ብሎ ከመቆጣት በፊት ስድስት ሰዓት መቀነስ ነው።