ደብተሩ ለምን ባዶ ሆነ? ስለ ሕፃናት ቋንቋ፣ ቁጥርና ራስን መቻል ጥያቄና መልስ

አፀደ ሕፃናት ውስጥ ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በተለመደው መንገድ አስተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለሁት ልጆች ዕቃ በእጃቸው እየነኩ ራሳቸው ሠርተው በሚማሩበት በሞንቴሶሪ ዘዴ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ቁጣ ቢመስል፣ የተቆጣሁት በእናንተ ሳይሆን በነዚያ አራት ዓመታት ራሴ በሠራሁት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ትምህርት ከጀመረ ሦስት ወር አለፈው፤ ደብተሩ ግን ባዶ ነው። ዛሬ ምን ሠራህ ስለው «ውሃ ቀዳሁ» ይለኛል። በየወሩ የምከፍለው ለውሃ መቅዳት ነው?

መልስ፦ በከፊል አዎ። ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ወደ ብርጭቆ የሚቀዳ ልጅ የእጁን አንጓ ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ካለው መስመር አለመንቀል፣ ሲሞላ ማቆም ይማራል። ከፈሰሰ ጨርቅ አምጥቶ ራሱ ይወለውላል። እርሳስ የሚይዙት ሦስት ጣቶች ከእርሳስ በፊት ብዙ ሥራ ሊሠሩ ይገባል፤ ለዚህም ነው ክፍላችን ውስጥ ትንሽ እጀታ ያላቸው የእንጨት ቁራጮች፣ የቁልፍና የማሰሪያ መለማመጃዎች የሞሉት።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1899፣ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ማንበብና መጻፍ የማስተማር ሐሳብ አልነበራትም፤ እናቶቹ ናቸው የወተወቷት። እርሷም እንደ እርስዎ ላሉት እናቶች ደብተር አልሰጠችም። ልጆቹ በጣታቸው የሚዳስሱት ፊደል አሠራች። አንድ ቀን ሰገነት ላይ ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጠመኔ ሰጥታ የጭስ ማውጫውን እንዲስል ጠየቀችው። ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ልጁ መጻፍ እችላለሁ ብሎ ጮኸና መሬቱ ላይ አንድ ቃል ጻፈ። ቃሉ «እጅ» የሚል ነበር። ማንም እንዲጽፍ አላዘዘውም፤ ጣቱ መንገዱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ስለዚህ ደብተሩን ይተዉትና እጁን ይዩ። ከሦስት ወር በፊት መዝጋት ያቃተውን ቁልፍ አሁን ከዘጋ ገንዘብዎ ሥራ ላይ ውሏል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሀሁን እስከ መጨረሻው በዜማ ትወጣዋለች፤ ሰው ፊት አስደርጌአት አጨብጭበውላታል። ትናንት «መ» የቱ ነው ብላት «ረ»ን አሳየችኝ። ምን ሆና ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆነችም። ዘፈን አጠናች፤ ዘፈኑንም በደንብ ይዛዋለች። ዜማው ሌላ ትምህርት ነው፣ ፊደሉ ሌላ።

የቄስ ትምህርት ቤትን በዚህ የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ አልወቅስም። የኔታ ፊት የተቀመጠ ልጅ እኮ በዜማው ብቻ አልነበረም፤ በእጁ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ነበር የሚቆጥረው። ከዚያም ከሀሁ ቆጠራ ወደ አቡጊዳ ሲያልፍ ቅደም ተከተሉ ይቀየርበታል፤ በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ትልቁ ተማሪም ትንሹን ያስቆጥራል። ሞንቴሶሪ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ያደረገችው በሌላ አገር ነው እንጂ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛ ግን ዘመናዊ ነን ብለን ዜማውን ወሰድንና ስንደዶውን ጣልነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። ፊደሉን አናጢዎች ብርጭቆ ወረቀት ከሚሉት ሸካራ ወረቀት ቆርጬ ካርቶን ላይ እለጥፋለሁ። ልጅቱ በሁለት ጣቷ እየዳሰሰች ድምፁን ትላለች። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ነው የማቀርበው። በመጀመሪያ «ይህ መ ነው» እላለሁ። ቀጥዬ «መ የቱ ነው? ስጪኝ፤ ከወንበሩ ሥር ደብቂው» እያልኩ አጫውታታለሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ አካሄድ ከፈረንሳዊው ሐኪም ከኤድዋር ሴጋን የመጣ ነው። እርስዎ የጀመሩት ከመጨረሻው ጥያቄ አጠገብ ነው፤ ስትሳሳት ደግሞ አያርሟት። ካርዱን ያንሱና ነገ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ከየትኛው ፊደል ልጀምር ለሚለው፣ ከስሟ ፊደላት ይጀምሩ። የሚመሳሰሉትን አንድ ቀን አያቅርቡ፤ ለ፣ ሰ እና በ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትልቅ ሰውም ይምታታበታል። ተ እና ቸም እንዲሁ።

ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ተባዝተው 231 ናቸው ብለው አይደንግጡ። የእኛ ፊደል ለልጅ ደግ ነው። ዶሮ ለማንበብ «ዶ» እና «ሮ» ማለት ይበቃል፤ በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱን ድምፅ ነጥሎ እንደገና ማጣበቅ ያስፈልጋል። ካዕቡን እና ሣልሱን ልጆች በፍጥነት ይደርሱባቸዋል፤ ቅጥያው በአብዛኛው አንድ ቦታ ነውና። የሚያስቸግረው ሳድሱ ነው። ቅርፁ አንድ ወጥ አይደለም፤ ድምፁም አንዴ አለ አንዴ የለም። «ድመት» ውስጥ «ድ» ድምፅ አላት፣ «ት» ግን ባዶዋን ቆማለች። ስለዚህ የመጀመሪያ ቃሎቼ ቡና፣ ዶሮ፣ ጣሳ፣ ሙዚቃ የመሳሰሉት ናቸው፤ ሳድስ የበዛባቸው በኋላ ይመጣሉ። መጥበቅና መላላት ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም፤ «ገና» በዓሉም «ገና» ያልደረሰውም በአንድ መልክ ነው የሚጻፉት። እሱን ልጆች ከአፋቸው ያመጡታል፤ ለዚህ ነው ብዙ የተነገረው ልጅ በቀላሉ የሚያነበው።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት «ና» ይል ነበር፤ አሁን በሦስት ዓመቱ «ምጣ» ማለት ጀመረ። ወደ ኋላ እየሄደ ነው?

መልስ፦ እየገሰገሰ ነው! በላ፣ ብላ። ሰማ፣ ስማ። መጣ፣ ምጣ። ማንም ሳያስተምረው የግሱን ሕግ አገኘ ማለት ነው። «ና»ን መጀመሪያ የያዘው እንደ በቀቀን ነበር፤ አሁን ቋንቋውን ራሱ እየሠራው ነው። አይሳቁበት፤ «እሺ፣ መጣሁ፤ አንተም ና» ብለው ይለፉት። በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። አምስት ማንኪያ አምጪልኝ ስላት ግን እፍኝ ሙሉ ታመጣለች።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስምንት ሰው ጠይቋል። መቁጠር ለእኛ አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ቢያንስ ሦስት ነው። ስሞቹን በቅደም ተከተል ማወቅ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት፣ መጨረሻ ላይ የተጠራው ስም የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳት። የመጨረሻው ነው ከባዱ። እስከ ሃያ በዜማ የምትወርድ የሦስት ዓመት ልጅ «አንድ» የሚለውን ብቻ በትክክል ልትረዳ ትችላለች፤ ከወራት በኋላ «ሁለት»ን፣ ከዚያ «ሦስት»ን ትጨምራለች። ብዙ ልጆች ነገሩ በሙሉ የሚገለጥላቸው ሦስት ዓመት ተኩልና አራት ዓመት አካባቢ ነው። ይሞክሩት፤ አምስት ቆርኪ ቆጥራ ስትጨርስ «ስንት ናቸው?» ይበሏት። እንደገና ከአንድ ከጀመረች ገና ናት።

ለዚህ የምንጠቀምባቸው ዘንጎች አሉ፤ አሥር ናቸው፣ አጭሩ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 1 ሜትር፣ በቀይና በሰማያዊ የተከፋፈሉ። አምስት እዚያ የተበተነ ነገር አይደለም፤ በሁለት እጅ የሚያዝ አንድ ዘንግ ነው። ቀጥሎ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተጻፈበት ሣጥንና 45 እንጨቶች ይመጣሉ። ልጆቹ ዜሮ ክፍሉ ጋ ሲደርሱ እንጨት ፍለጋ ያዩኛል። «እዚያ ምንም አይገባም» ስላቸው የሚስቁት ሳቅ አይሰለቸኝም። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ አሥር ራሱን የቻለ ምልክት ነው፣ ፲። ባዶነትን በምልክት ማየት ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለአያቶቻችንም አዲስ ነገር ነበር።

ከዚያ ዶቃው አለ። አንድ ፍሬ፣ አሥር በሽቦ የተሰካ፣ መቶ ዝርግ፣ ሺህ ድፍን። የአምስት ዓመት ልጅ ሺህን በሁለት እጁ አቅፎ ሲሄድ ክብደቱ ይሰማዋል። አማርኛም ያግዘዋል፤ «አሥራ አንድ» ሲል አሥርና አንድ መሆኑን ጆሮው ይነግረዋል። ሠላሳ ከሦስት፣ ስድሳ ከስድስት፣ ሰባ ከሰባት መምጣታቸውም ይሰማል። ሃያ ብቻ ነው ዘመድ የሌለው፤ እሱን ዝም ብሎ መያዝ ነው።

ዶቃ መግዛት ካልቻሉ ምስር አብረው ይልቀሙ፣ እንጀራ ሲያቀርቡ «ለስንት ሰው?» እያሉ ሰሃን ታስቀምጥ፤ ቅልብልቦሽም ይጫወቱ።

ጥያቄ፦ እንደ እናቴ ነዎትና ልጠይቅዎት። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን በጉርሻ ነው የሚበላው። ትምህርት ቤት ብቻውን ይበላል ይሉኛል። እቤት ግን አማቴ «ልጁን ልታስርቢው ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ አማትሽን አትጣያቸው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ፍቅሩን ማስቀረት አያስፈልግም፣ ቦታውን ማስያዝ ነው። መጀመሪያ ልጁ በራሱ እጅ ይብላ፤ በመጨረሻ አያቱ አንድ ጉርሻ ይስጡት፤ እሱም ያጉርሳቸው። እኔ ያየሁት አያት ሁሉ በዚያች መልስ ጉርሻ ተሸንፋለች።

ደግሞ ራስን መቻል ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። የገጠር ልጅ በስድስት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል። ማስታጠቢያ ይዞ እንግዳን እጅ ማስታጠብ በየቤቱ የልጅ ሥራ ነበር፤ ውሃ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ፣ ከታላቅ መጀመር፣ ፎጣ ማቀበል። ሞንቴሶሪ ክፍል ውስጥ በውድ ዕቃ የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ከከተማ ቤት ያጠፋው ቧንቧና ሠራተኛ መብዛቱ ነው። ነገ እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያውን አውጪለት።

ጥያቄ፦ ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ልጄ አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አስተማሪው ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል አለኝ።

መልስ፦ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያሳምምም፣ ንግግርም አያዘገይም። ቃላቱን ሲቆጥሩ የሁለቱንም ደምረው ይቁጠሩ። ችግሩ ሌላ ነው፤ አማርኛ የሚያስፈልገው ጉዳይ የለውም። አያቱ ጋ ይደውልና ራሱ ያውራ፤ ማታ «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ብሎ ይመልስ። በእንግሊዝኛ ሲመልስ አይቆጡ፤ ያለውን በአማርኛ አስፍተው ይመልሱለት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከእናቱ ብቻ አማርኛ የሚሰማ ወንድ ልጅ እናቱን «ና» ይላታል፤ ለእሱ የሚነገረው ሁሉ «ና፣ ብላ፣ ተኛ» ነውና። ይህን የሚያቃናው እርማት ሳይሆን ሁለት ሰዎች ፊቱ ሲነጋገሩ መስማት ነው። ስለዚህ ጎረቤት ካለ ቡና ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት አልፏት ከአምስት ቃል በላይ የላትም። ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮዋን ያስመርምሩ፤ ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ይዩ። «አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው» የሚለውን ወሬ ከምርመራው በኋላ ይስሙት።

ጥያቄ፦ ታፔላው ላይ «ሞንቴሶሪ» የሚል ትምህርት ቤት በዛ። በምን ልለይ?

መልስ፦ በታፔላው አይለዩም፤ ስሙን ማንም ሊጽፈው ይችላል። በሥራ ሰዓት ገብተው ሩብ ሰዓት ዝም ብለው ይቀመጡ። መደርደሪያው ልጅ የሚደርስበት ነው ወይስ ዕቃው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል? አስተማሪዋ ከአንድ ልጅ አጠገብ ዝቅ ብላለች ወይስ ከሰሌዳው ፊት ትጮኻለች? እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የሠራሁበት ቤት ዕቃውን ለጎብኚ ብቻ ነበር የሚያወጣው። ዶቃው ላይ አቧራ ካዩ ይውጡ።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ኦ ክፍል አስተምራለሁ። ስልሳ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ዕቃ የለኝም። ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ሁሉንም ማድረግ አትችይም፤ ሁሉም ይቻላል የሚልሽ ሰው ካለ አትቀበይው። ግን ሳን ሎሬንዞም ሲጀመር ሃምሳ ያህል ልጅ ነበር፤ ጠባቂያቸውም የሠለጠነች አስተማሪ አልነበረችም። ከአንድ ነገር ጀምሪ። ቆርኪ፣ ጠጠርና የካርቶን ፊደል በአሥር ሣጥን አድርጊ፤ ልጆቹን በስድስት በስድስት አቧድኚ፤ በየቡድኑ አንድ ጎበዝ ይኑር። ቀሪዎቹ ሲሠሩ አንድ ቡድን ይዘሽ አሥር ደቂቃ ቁጭ በይ። በሳምንት እያንዳንዱን ልጅ አንድ ጊዜ በቅርብ ታይዋለሽ፤ አሁን ስንት ጊዜ እንደምታይው አንቺው ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ጫማውን ራሱ ያድርግ ይላሉ። ሰርቪሱ ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋስ? ስንት ደቂቃ ልጠብቀው?

መልስ፦ ጥሩምባው ሲነፋ አይደለም የሚማረው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ደፉ ላይ አስቀምጡት። በሥራ ቀን ማሰሪያ የሌለው ጫማ ግዙለት፤ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ቀስቅሱት። እኔ አንዲት ልጅ አንድ ቁልፍ እስክትዘጋ የጠበቅሁት ረጅሙ ጊዜ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ። ስትጨርስ ፈታችውና እንደገና ጀመረች።