ለአረፋ የኮኮናት ከረሜላ ለምትሠሪው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከኮምቦልቻ ነው የጻፍሽው። ለአረፋ ልጆችሽና እንግዶችሽ የሚበሉት የኮኮናት ከረሜላ መሥራት ፈልገሻል። ኦቨን የለሽም። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ባለፈው ስትሞክሪ ድብልቁ እጅሽ ላይ ተጣበቀ፤ ኮኮናት ጨመርሽበት፤ በነጋታው ተፈረካከሰ። «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብለሻል።

እኔ ደሴ ነኝ። ይህን ከረሜላ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ለገናና ለፋሲካ ቤቴ እሠራለሁ፣ ለኢድና ለአረፋ ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር። አንቺ የገጠመሽ እኔንም በመጀመሪያው ዓመት ገጥሞኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የተሳሳትሽው ቶሎ ኮኮናት መጨመርሽ ላይ ነው። ሱቅ የምናገኘው የተፈጨ ኮኮናት የደረቀ ነው። እርጥበት ይጠጣል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ወተቱ እንደገባበት ድብልቁ የቀጠነ ይመስላል። ያኔ ሰው ደንግጦ ይጨምራል። ኮኮናቱ ግን ሌሊቱን ወተቱን ሲጠጣ ያድራል። ጠዋት ፍሬውን ከፍሬው የሚያያይዘው ነገር አይኖርም። እኔ በገና ዋዜማ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሙሉ ትሪ ደርድሬ ተኛሁ፤ ጠዋት ሳነሳው እንደ ሰጋቱራ ተበተነ። ልጆቹ በማንኪያ በሉት። እኔ ግን ለበዓል ብዬ የቆጠብኩት ገንዘብ ስለነበር በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ ቀላቅለሽ ስትጨርሺ ዕቃውን ክደኚውና ለግማሽ ሰዓት ተይው። አትንኪው። ከዚያ ትንሽ ቆንጥረሽ በመዳፍሽ ጨብጪው። ቅርጹን ይዞ ከቀረና መዳፍሽ ላይ ወዝ ብቻ ከተወ ደርሷል። አሁንም የሚጣበቅ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮኮናት ጨምሪና አሥር ደቂቃ ጠብቂ። በአንዴ ከአንድ ማንኪያ በላይ አትጨምሪ።

መጠኑ ይህ ነው። አንድ ጣሳ ጣፋጭ ኮንደንስድ ሚልክ፣ 395 ግራም አካባቢ የሚሆነውን። 280 ግራም ኮኮናት፤ 250ው ለድብልቁ፣ የቀረው ለመንከባለያ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ። ቁንጥር ጨው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል። የእንቁላል አስኳል እያከለ ሲድቦለቦል ወደ 35 ፍሬ ይወጣዋል። ጣሳውን ስትገዢ ጽሑፉን አንብቢ። ኢቫፖሬትድ የሚባለው ስኳር የሌለው ወተት በተመሳሳይ ጣሳ ይመጣል፤ እሱ ቀጭን ስለሆነ አይይዝልሽም።

ሄሉን አትተይብኝ። ኮኮናትና ወተት ብቻውን ጣፋጭ ነው እንጂ መዓዛ የለውም። ሄል ሲገባበት ግን የቤት ነገር ይሆናል፤ ሻያችን ውስጥ የምናውቀው ሽታ ነው። ብዙ ሰው ቫኒላ ይጨምራል። ፈሳሹ ቫኒላ አብዛኛውን ጊዜ በአልኮል የሚዘጋጅ ነው። ይህን ያወቅኩት ከጎረቤቴ ነው። አንድ ዓመት ለኢድ ሳንጠነቀቅ ልናስገባው ስንል ጠርሙሱን አንብባ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ቫኒላ ካስፈለገን የዱቄቱን ነው የምንጠቀመው። እውነቱን ለመናገር ሄል ካለ አያስፈልግም።

ቅቤው ላይም አንድ ነገር ልበል። ለጋ ቅቤ ትኩስ ከሆነ ይሆናል። የተነጠረውን ግን አታስገቢ። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ኮኮናቱን ይውጡታል።

የጣሳው ወተት ውድ ነው ብለሻል። ልክ ነሽ። የዱቄት ወተት ካለሽ ቤት ማዘጋጀት ይቻላል። በአንድ ብርጭቆ መለኪያ ሁሉንም ስፈሪ። የብርጭቆውን ሲሶ የፈላ ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛውን ስኳር፣ አንድ ሙሉ ብርጭቆ የዱቄት ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ። መጀመሪያ ስኳሩን በፈላው ውኃ ሙሉ በሙሉ አሟሚው። ካልሟሟ በኋላ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ቅቤውን ጨምሪ። ከዚያ የዱቄት ወተቱን በወንፊት እየነፋሽ ትንሽ በትንሽ አስገቢና ምቺው። መብራት ካለ ሚክሰር፣ ከሌለ ሹካ። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ከአንድ ጣሳ ያነሰ ሊወጣሽ ስለሚችል ኮኮናቱን በዚያው ልክ ቀንሺ። ጣዕሙ ከጣሳው ትንሽ ያንሳል፤ ልጆች ግን አይለዩትም።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ልምጣ። እኔን ይሆነኝ የነበረው አንቺን የማይሆንሽ እዚህ ላይ ነው። የኮኮናት ቅባት ወደ 24 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ማታ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ከረሜላ ያለ ፍሪጅ ጠንክሮ ያድራል። የሀረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ግን ወደ 1,850 ሜትር ነሽ፤ አየሩ ሌላ ነው። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ወሩ ይለዋወጣል። ሙቀት ወር ላይ ሲውል ያልበሰለው ድብልቅ ቀን ላይ ይለሰልሳል። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላሉ ዘመዶቼ በሳህን ይዤ ወርጄ፣ እዚያ ስደርስ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ሆኖ አገኘሁት።

መፍትሔው ወተቱን ምድጃ ላይ ማብሰል ነው። ኦቨን አያስፈልገውም። ብራዚሎች በበዓልና በልደት የሚሠሩት የኮኮናት ከረሜላ አለ፤ ቤይጂኞ ይሉታል፣ ትንሽ መሳም ማለት ነው። እነሱ ወተቱን፣ ቅቤውንና ኮኮናቱን አብረው በእሳት ያበስላሉ። እኔም ለሙቀት ቦታ እንደዚያ አደርጋለሁ። ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ያዢ። እሳቱ ለስላሳ ይሁን። ቡናው በረካ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፍም ለዚህ ልክ ነው፤ መብራት ቢሄድም አትቸገሪም። ከሄሉ በቀር ሁሉንም ጨምረሽ በእንጨት ማማሰያ ሳታቋርጪ አማስዪ። ስልክ ቢጠራ እንኳ አትሂጂ፤ ወተቱ ታቹን ከያዘ ያረረ ጣዕም ሁሉንም ያበላሻል። ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ሲሆን ማማሰያውን ድስቱ መካከል አሳልፊው። ታቹ ለአፍታ ከታየና ድብልቁ ቀስ ብሎ ከተመለሰ አውጪው። ሄሉን ያኔ ጨምሪ። ቅቤ የተቀባ ሳህን ላይ ገልብጠሽ በደንብ ይቀዝቅዝ። ለዚህኛው 100 ግራም ኮኮናት ውስጡ ይበቃዋል፤ ወተቱ ራሱ ስለሚጠነክር። የሚወጣሽ ፍሬ ግን ያንሳል፣ ወደ 25 ይሆናል። የተረፈውን ለመንከባለያ ተጠቀሚበት።

ስታድቦለቡዪ እጅሽን ቅቤ ቀቢ እንጂ ውኃ አትንከሪ። ውኃ ኮኮናቱን ያረጥበውና ቶሎ ያበላሸዋል። አናቱ ላይ አንዳንድ ፍሬ ቅርንፉድ መሰካት ያምራል፤ ብራዚሎቹም ያደርጉታል። ለትናንሾቹ ልጆች ግን ከመስጠትሽ በፊት ንቀይላቸው። ቸኮሌት አቅልጦ መንከርም ይቻላል፤ ለኮምቦልቻ አልመክርሽም፣ እጅ ላይ ይቀልጣል።

ፍሪጅ ካለሽ አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቂ። በአረፋ ፍሪጅ ሥጋ ይሞላል። ኮኮናት ቅባት ስላለው የአካባቢውን ሽታ ይስባል። እኛ አንድ ዓመት ሳንከድን አስገብተነው የጥሬ ሥጋ ሽታ ይዞ ወጣ። አንድም ፍሬ አልተበላም። አጥብቆ በሚዘጋ ዕቃ ክተቺው፤ ዕቃውንም በላስቲክ ጠቅልዪው፤ ከሥጋው በላይ ባለው መደርደሪያ አስቀምጪ። እንደዚያ ከሆነ ሳምንት ይቆያል። ከፍሪጅ ውጪ የበሰለው ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ አንቺ ጋ ሙቀት ስላለ በሁለት ቀን ጨርሱት።

መቼ ልሥራው ላልሽው፣ ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ግን የዋዜማውን ፆም የምትፆሚ ከሆነ መቅመስ ያስቸግርሻል፤ የሄሉና የጨው መጠን ደግሞ ሳይቀመስ አይታወቅም። እኛ ጋ ለጎረቤቴ የምቀምስላት እኔ ነኝ። በገና ዋዜማ ደግሞ እኔ ፆም ላይ ስሆን እሷ ትቀምስልኛለች። አንዴ «ሄል አነሰው» አለችኝና ጨመርኩ፤ ልክ ነበረች። አንቺም ክርስቲያን ጎረቤት ካለሽ ጥሪያት። ዋዜማው የፆም ቀን ከሆነባት ወይ ልጆች ይቅመሱ፣ ወይ ማታ ካፈጠርሽ በኋላ ሥሪው።

አንድ ያልጠየቅሽው ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ወሎ ነን። አረፋ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት ውጪ ረቡዕ ወይም አርብ ላይ ከዋለ፣ ወይም በሌላ ፆም ውስጥ ከሆነ፣ ለእንኳን አደረሳችሁ የሚመጡት ክርስቲያን ጎረቤቶችሽ ወተት ያለበትን አይቀምሱም። ኮኮናት ራሱ ግን የፆም ነው። ለእነሱ ለብቻ ትንሽ ትሪ አዘጋጂ። አንድ ብርጭቆ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ አፍዪ። በማንኪያ ጠብታ ወስደሽ ለብ ሲል በሁለት ጣትሽ መካከል ስትስቢው ክር ከሠራ ደርሷል። አንድ ብርጭቆ ተኩል ኮኮናት ጨምረሽ ፈጥነሽ አማስዪ። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ትኩሱን ጠፍጥፈሽ ሳይደርቅ በቢላ ቁረጪው። ከደረቀ በኋላ ከቆረጥሽው ይሰባበራል። ትሪውን ለብቻው አድርጊ፤ ማንኪያውም ድስቱም ወተት ያልነካው ይሁን። የኛ ሰፈር እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የጣሳውን ወተት ካገኘሽ ዛሬውኑ ግማሹን ብቻ ወስደሽ ሞክሪው። ለአረፋው እጅሽ ይለምዳል። ጨብጠሽ ስታዪው ካስቸገረሽ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ። ኢድ ሙባረክ።