ቦቢን በትንሽ አውሮፕላን ልውሰደው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አጎቴ በአራት መቀመጫ አውሮፕላን ከሐዋሳ አዲስ አበባ ሊወስደኝ ነው። ውሻዬን ቦቢን ማስተኛ መድኃኒት ሰጥቼ ይዤው ልሂድ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መድኃኒቱን ተወው፣ ልጄ! የደም ግፊቱን ይቀንስበታል፣ ትንፋሹንም ያዳክምበታል። ሐዋሳ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ በላይ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፣ አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ የውስጥ የአየር ግፊት መጠበቂያ የላቸውም። ቦቢ አፍንጫው የተደፈጠጠ ዝርያ ከሆነ እኔ በበኩሌ አልመክርም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ደንግጦ አጎትህ ላይ እንዳይዘል ነው። ከኋላ ወንበር በደረት ማሰሪያ እሰረው፤ አንገቱን በፍጹም! ክብደቱንም ቀድመህ ለአጎትህ ንገረው፤ ጭነቱን ያሰላበታል። አውሮፕላኑን ዝቅ ሲያደርግ አጎትህ ቀስ ይበል፣ ለቦቢም የሚልሰው ነገር ስጠው፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታል። ከመብረራችሁ በፊትም ሞተሩን ከሩቅ አሰማው፤ ከተንቀጠቀጠ ቤት ይቆይ።