አንድ ምስክር አይበቃም

ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ሞልታችሁ ጂኦሎጂ የደረሳችሁ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ድንጋይ ቆጥሬ ልኑር?» ብላችሁ አኩርፋችኋል። አይዟችሁ፣ በእኛም ጊዜ ያው ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሙያ ነው፤ ለእናንተ የማስተላልፈው ነገር ግን ብዙ አይደለም። ምድር ታሪኳን ሜዳ ላይ አስጥታዋለች። እናንተ ግን እንደ ዳኛ ሁኑ፤ አንድ ምስክር ሰምታችሁ አትፍረዱ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ እባካችሁ አትተኙ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ ይጸልያል፣ ግማሹ ፍሬኑን ያዳምጣል። እናንተ የተቆረጠውን ገደል እዩ። ከላይ ጥቁር ባዛልት አለ፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ ደጋውን ያለበሰ ላቫ ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶ፣ እታች ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ታሪክ በአንድ ቁልቁለት!

የኖራ ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ መኪና አቁማችሁ ጠጋ በሉ። በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉትና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ይፈላል። ትንንሽ አረፋ ሲወጣ በማጉያ መነጽር ታዩታላችሁ። «በቃ፣ እዚህ ባሕር ነበር» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ኖራ ከፍል ውኃም ይወጣል፣ በሐይቅም ይረጋል። ሎሚው የነገራችሁ ድንጋዩ ኖራ መሆኑን ብቻ ነው። አሁን ዓይናችሁን አሹና የዛጎል ስባሪ ፈልጉ። ኮራል ካገኛችሁ ነገሩ ተለወጠ፤ ኮራል ድንጋይ የሚሠራው ጨዋማ ባሕር ውስጥ ነውና። ከዚያ ከሥር ያለውን ጀሶ ጠይቁ። እሱ ደግሞ ጥልቅ ያልሆነ የባሕር ውኃ በፀሐይ እየተነነ ሲያልቅ የሚቀር ነው። ሦስቱ ተማክረው አልመጡም፤ ቃላቸው ግን ገጠመ። በነገራችን ላይ ሙገር ላይ ሲሚንቶ የሚሆነው ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ልጆች፣ ግድግዳችሁ ድሮ የባሕር ወለል ሳይሆን አይቀርም።

ትግራይ ውስጥ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ ያለው ደግሞ የባሰ ጉድ ነው። እዚያ የበረዶ ግግር የተወው ደለል አለ። አዎ፣ በረዶ! ድንጋዮቹ ላይ ትይዩ ጭረት ታያላችሁ። ጭረት ግን የጭቃ ናዳም ይጭራል፣ መሬት ተሰንጥቆ ሲንሸራተት የተፋተገ ድንጋይም ይጫራል። ስለዚህ ደለሉን ራሱን እዩ። ወንዝ ሲያስቀምጥ ይመርጣል፤ ጠጠሩን ለብቻ፣ አሸዋውን ለብቻ። እዚህ ግን ትልቁ ቋጥኝ ከዱቄት ሸክላ ጋር ተደባልቆ ተቀምጧል። በዚህ ላይ በተቀራራቢ ዘመን የተቀመጠ ተመሳሳይ ደለል በደቡብ አፍሪካ፣ በሕንድና በደቡብ አሜሪካ ተገኝቷል። የዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እነዚህ አገሮች ጎንድዋና በሚባል አንድ አህጉር ተጋጥመው ወደ ደቡብ ዋልታ ተጠግተው ነበር። አገራችን ተጉዛ ነው እዚህ የደረሰችው ማለት ነው።

ስለ ምድር ውስጥ ብዙ አልልም፤ የክፍል መምህሮቻችሁ ያስተምሯችኋል። አንዲት ሴት ግን ሳላነሳ አላልፍም። የምድር መሐል ከእግራችን በታች 6,371 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰው ቆፍሮ የደረሰው ሩሲያ ውስጥ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዴንማርካዊቷ የርዕደ መሬት ተመራማሪ ኢንጌ ሌማን በ1929 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ላይ የደረሰውን ርዕደ መሬት መዝገብ ስትመረምር፣ የንዝረቱ ሞገድ መድረስ በማይገባው ቦታ ደርሶ አገኘች። መሣሪያው ተሳስቷል ብላ አልተወችውም። የተለያዩ ጣቢያዎችን መዝገብ አስተያየች፤ በ1936 እ.ኤ.አ.ም በምድር መሐል ባለው ፈሳሽ እምብርት ውስጥ ሌላ እምብርት አለ ብላ ጻፈች። ኮምፒዩተር አልነበራትም።

የዛሬው እንቅስቃሴ ደግሞ አፋር ላይ በዓይን ይታያል። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። አረቢያ ከአፍሪካ የምትርቀው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የተለቀቀው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የተጠራቀመ ጉልበት ነበር። የርዕደ መሬት መሣሪያዎች መዘገቡት፣ ሳተላይቶች ከላይ ለኩት፣ አርብቶ አደሮቹ ጭሱንና አመዱን አዩት። ተማሪዎች የአርብቶ አደሩን ቃል ስትንቁ አይቻለሁ። ተዉ! ቦታውንና ጊዜውን ከእሱ የበለጠ የሚነግራችሁ የለም።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲናጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሁሉ ተሰምቶናል። ያኔ ቲክቶክ ላይ ቀን ቆርጦ «ትልቁ እየመጣ ነው» የሚል አልጠፋም። ርዕደ መሬት የት አካባቢ እንደሚያሰጋ ማወቅ ይቻላል። ቀኑንና ሰዓቱን ግን ዛሬ የሚያውቅ ሳይንቲስት የለም። ቀን የሚነግራችሁ ሰው ምስክሮቹን ይጥራ። ካልጠራ ሼር አታድርጉለት። እናታችሁ ደውላ «ልጄ፣ እውነት ነው ወይ?» ስትል ደግሞ አትሳቁባት፤ በእርጋታ አስረዷት።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። ሜዳ ወጥታችሁ ቅሪተ አካል ካያችሁ አታንሱ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት የታወቀው አጥንቷ ተለክቶ አይደለም። ሐዳር ላይ ከተገኘችበት ደለል ጋር ተነባብሮ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ አመዱ ውስጥ የተጠራቀመውን አርጎን የሚባል ጋዝ በመለካት ነው። ከንብርብሩ ወጥቶ ኪስ የገባ አጥንት ዕድሜውን የሚመሰክርለት ጎረቤት የለውም። መጠኑ እንዲታይ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡና ፎቶ አንሱ። ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፤ ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለዩኒቨርሲቲያችሁ ንገሩ። ድንጋዩን እዚያው ተዉት።