ለግማሽ ሰዓት ብሎ ሥራ መልቀቅ ምን የሚሉት ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሦስት ናቸው። የሚገርመው ሦስቱም ስለ ማታ ቴሌቪዥን ነው፣ ሦስቱም ከከተማው ዳር የመጡ። መሀል ከተማ ያለው ሰው ማታ ማታ ምን እንደሚያደርግ እንጃ፤ እኛ ዳር ዳሩን የምንኖረው ግን መብራት ካለ ቴሌቪዥን፣ መብራት ከሌለ ስልክ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። የምጽፍልህ ከኮዬ ፈጬ ነው። ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ማታ ሲገባ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ስልኩ ላይ የአሜሪካ ቶክ ሾው ያያል። ሰሞኑን የኮናን ኦብራየንንና የጄይ ሌኖን የድሮ ጠብ አገኘና ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። "ሌኖ ሌባ ነው፣ የሰው ወንበር ነጠቀ" ይላል። እኔ ደግሞ ጣቢያው ባለቤት አለው፣ የፈለገውን ሰዓት ለፈለገው ይሰጣል ባይ ነኝ። ፕሮግራምህን 30 ደቂቃ ገፋ እናድርገው ስለተባለ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ሥራ ጥሎ ይሄዳል? ጣቢያውስ አንድ ሰው እንዲሄድለት ብሎ 45 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ምን ነክቶት ነው? እስቲ ፍረደን። (ወ.ት.፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እህቴ፣ በባልና ሚስት መሀል የገባ ሽማግሌ መጨረሻው አያምርም፣ ይቺ ግን ስለጣመችኝ ገብቻለሁ። ሌኖ ሌባ አይደለም። ጣቢያውም ሰዓት የመቀየር መብት ነበረው። ጥፋቱ ግን የጣቢያው ነው፣ ያውም ያጠፋው ጠቡ በተነሳበት በ2010 ሳይሆን በ2004 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳይምታቱብሽ።)

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። "ዘ ቱናይት ሾው" የሚባለው፣ የተጣሉበት የማታ ቶክ ሾው፣ ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ላይ የተጀመረው በ1954 ነው። ጆኒ ካርሰን 30 ዓመት ይዞት በ1992 ሲለቅ ወንበሩ ለጄይ ሌኖ ተሰጠ። ያኔ ወንበሩን ሲጠብቅ የነበረው ሌላ ሰው ነው፣ ዴቪድ ሌተርማን። እሱም አኩርፎ ወደ ሲቢኤስ ሄደ፤ በ1993 በዚያው ሰዓት ፊት ለፊታቸው ተፎካካሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ኤንቢሲዎች ይቺን አልረሷትም። ስለዚህ በ2004 ኮናንም እንደ ሌተርማን እንዳይሄድባቸው ፈሩ። ኮናን ከ1993 ጀምሮ ከቱናይት ሾው ቀጥሎ የሚመጣውን ፕሮግራም የሚመራ፣ ወጣቶች የሚወዱት ሰው ነበር። "ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ወንበሩ ያንተ ነው" ብለው ቃል ገቡለት።

እንግዲህ ኪራዩን በሰዓቱ የሚከፍል፣ ግቢውን የሚጠርግ፣ ከጎረቤት የማይጣላ ተከራይ አለሽ እንበል፣ እሱን "ከ5 ዓመት በኋላ ትወጣለህ፣ ለሌላ ሰው ቃል ገብቻለሁ" አልሽው። 5 ዓመቱ ደረሰ። ተከራዩ አሁንም ኪራዩን በሰዓቱ እየከፈለ ነው። ሌኖም እንዲሁ፣ ልቀቅ በተባለበት በ2009 በተመልካች ብዛት አንደኛ ነበር። ይሄኔ ሌላ ፍርሃት መጣ። ሌኖ ወደ ኤቢሲ ወይም ወደ ፎክስ ቢሄድስ?

እዚህ ላይ ነው "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" የሚባለው። ኤንቢሲ ሁለቱንም ዛፍ ያዘ። ኮናን በጁን 2009 ቱናይት ሾውን ተረከበ። ሌኖ ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሳምንት 5 ቀን ማታ በኛ 4 ሰዓት የሚተላለፍ ፕሮግራም ተሰጠው። ያ ሰዓት ውድ የሆኑ ድራማዎች የሚታዩበት ነው። አንድ ሰው ቆሞ ሲያስቅ ወጪው ከድራማ በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ተመልካቹ ትንሽ ቢቀንስም ያዋጣናል ብለው አሰቡ። በወረቀት ላይ ሲታይ ብልህ ሒሳብ ነው። በወረቀት ላይ።

ያልቆጠሩት ግን ተባባሪ ጣቢያዎቹን ነበር። እንደ ኤንቢሲ ያለ ድርጅት የራሱ የሆኑት ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፣ በትልልቅ ከተሞች ያሉት። በየክፍለ ሀገሩ ያሉት ብዙዎቹ የሌላ ሰው ንብረት ናቸው፤ በውል ነው ፕሮግራሙን የሚያስተላልፉት። እነዚህ ጣቢያዎች ዋና እንጀራቸው የሚጋገረው በኛ 5 ሰዓት ላይ በሚያቀርቡት የአካባቢ ዜና ነው። ከዜናው በፊት የሚመጣው የሌኖ ፕሮግራም ተመልካች ሲያጣ ዜናው አብሮ ወረደ። ዜናው ሲወርድ ከዜናው በኋላ የሚመጣው የኮናን ፕሮግራምም ተጎዳ፣ ሌተርማን ቀደመው። ጣቢያዎቹ ጮኹ። ሌኖን ከሰዓቱ ካላነሳችሁ እኛው እናወርደዋለን የሚል ዛቻ ላይ ደረሱ። የቦስተኑ ጣቢያ እንዲያውም ገና ፕሮግራሙ ሳይጀምር አላስተላልፍም ብሎ ነበር፣ ኤንቢሲ አስፈራርቶ መለሰው እንጂ። በመጨረሻ ውሳኔውን ያስለወጡት ኮናንም ሌኖም ሳይሆኑ እነዚህ የክፍለ ሀገር ጣቢያዎች ናቸው። ባለቤትሽ ያየው ቪዲዮ ይሄን ቆርጦት ይሆናል፣ ምክንያቱም አያስቅም።

በጃንዋሪ 2010 ጣቢያው አዲስ መላ አመጣ። ሌኖ በኛ 5 ሰዓት ከ35 ግማሽ ሰዓት ይያዝ፣ ቱናይት ሾው ወደ 6 ሰዓት ከ5 ይገፋ፣ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው የጂሚ ፋለን ፕሮግራም ደግሞ ወደ ሌሊት 7 ሰዓት ከ5። አየሽ፣ አሁንም አንዱን ምረጥ ሲባል አልመርጥም ነው የሚለው።

አሁን የ30 ደቂቃዋ ነገር። "ቱናይት" ማለት "ዛሬ ማታ" ነው። ለፈረንጆቹ ቀን የሚቀየረው በኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ 6 ሰዓት ከ5 ላይ የሚጀምር "የዛሬ ማታ" ፕሮግራም ለነሱ የነገ ሆነ ማለት ነው። እኛ ቀን የምንቆጥረው ሲነጋ ስለሆነ ኮዬ ፈጬ ላይ 6 ሰዓት ከ5 አሁንም ዛሬ ማታ ነው፤ "30 ደቂቃ ምን አላት?" ማለትሽ አልገረመኝም። ኮናን ግን በጃንዋሪ 12 ባወጣው መግለጫ ፕሮግራሙ ለስንት ዘመን ከአካባቢው ዜና ቀጥሎ ሲመጣ የኖረ መሆኑን አስታውሶ፣ ወደ ሌላ ቀን የተሻገረ ቱናይት ሾው ቱናይት ሾው አይደለም፣ ሲፈርስ ተባባሪ አልሆንም አለ። ለመልመድ የተሰጠው ጊዜ 7 ወር ብቻ መሆኑንም ተናገረ። ሌኖ በ1992 ሲጀምር ከዚያ የበለጠ ጊዜ እንደተሰጠው አትርሺ።

ገንዘቡስ? 45 ሚሊዮኑ ጉርሻ አይደለም። ኮናን ገና ብዙ ጊዜ የሚቀረው ውል ነበረው። ውሉን ማፍረስ የፈለገው ጣቢያው ነው፣ ስለዚህ ከፈለ። እንደተዘገበው ወደ 33 ሚሊዮን የሚሆነው ለሱ፣ 12 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ለሠራተኞቹ ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ለዚህ ሥራ ሲሉ ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ ጓዛቸውን ጠቅልለው የሄዱ ነበሩ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገቡ፣ ቤት የተከራዩ ሰዎች። ግን ተመልከቺ፣ የኮናን ውል ላይ ፕሮግራሙ የግድ በ5 ሰዓት ከ35 ይጀምራል የሚል አንቀጽ አልነበረም ተብሎ ነው የተዘገበው። ያቺ አንድ መስመር ብትኖር ኖሮ ጣቢያው ይሄን መላ ማንሳትም አይችልም ነበር።

ኮናን ጃንዋሪ 22 የመጨረሻውን ፕሮግራም ሠራ። ሌኖ በማርች ተመልሶ እስከ 2014 ቆየ፣ ከዚያ ፋለን ተረከበው። ኮናን በኖቬምበር 2010 ቲቢኤስ የሚባል የኬብል ጣቢያ ላይ ጀመረ።

ፍርዱ ይኸው ነው፦ ለባለቤትሽ ስለ ኮናን መበደል፣ ላንቺ ስለ ጣቢያው መብት። ደግሞ እሱ ለምን ከኮናን ጋር እንደቆመ ከፈረቃው ጀምረሽ አስቢው። ለፈረቃ ሠራተኛ ሰዓት ማለት ሰርቪስ ነው። ግማሽ ሰዓት ከተገፋ ሰርቪሱ የለም።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነው የምኖረው። አንድ ጣቢያ ላይ የማታ መዝናኛ አቀርባለሁ። ሰዓቴን ከማታ 3 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ሊገፉት ነው፣ ውሌ ላይ ስለ ሰዓት የተጻፈ ነገር የለም። ብለቅ እኔ የፈጠርኳቸውን ክፍሎች ይዤ ሌላ ጣቢያ መሄድ እችላለሁ ወይ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ደርሶብኛል። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ሬዲዮ ላይ የማታ ፕሮግራም ነበረኝ። ልክ እንዳንተ ወደ 5 ሰዓት ገፉት። የምኖረው ያኔም አሁንም ለገጣፎ ነው። ጨርሼ ስወጣ ሚኒባስ የለም። ኮንትራት ታክሲ ይዤ ስገባ የታክሲው ሒሳብ ከዚያ ቀን አበሌ በለጠ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የጥበቃው ሰውዬ ጋቢውን አካፍሎኝ እስከ ንጋት ስቱዲዮ በር ላይ ተቀመጥን፤ ያን ቀን ነው የለቀቅኩት። 45 ሚሊዮን አልሰጡኝም። የመጨረሻ ወር ደሞዜንም በስንት ምልልስ ነው ያገኘሁት።

ወደ ጥያቄህ። ሌተርማን በ1993 ከኤንቢሲ ሲወጣ ጣቢያው "ክፍሎቹ የኔ የአእምሮ ንብረት ናቸው" ብሎት ነበር። ታዋቂውን የ10 ነገሮች ዝርዝሩን ስሙን ነካ አድርጎ ይዞት ሄደ። "የተመልካች ደብዳቤ" የሚለው "የሲቢኤስ የፖስታ ከረጢት" ሆነ። አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትለት ሽማግሌ ተዋናይ ግን የገጸ ባሕርዩን ስም ትቶ በገዛ ስሙ መቅረብ ነበረበት። ሐሳቡ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

እኛም ዘንድ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት የኛ ነው) ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም። "እንግዳውን ምግብ እያበሰለ ማነጋገር" የማንም ንብረት አይደለም። በቅጥር ላይ ሆነህ የሠራኸው ሥራ ግን፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ የተቀዳውን ፋይል፣ አርማውን፣ መግቢያ ሙዚቃውን አትንካ። ስሙን ቀይር፣ ቅርጹን አሻሽል። ከሁሉ በፊት ግን ያለህ ውል የቅጥር ነው ወይስ የአየር ሰዓት ኪራይ የሚለውን ገልጠህ እይ፣ ኪራይ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። ሳትፈርም ደግሞ ለጠበቃ አሳየው። አዲስ ቦታ ስትሄድ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቅ፦ የሚጀምርበት ሰዓት፣ እና ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ከሆነ የመመለሻ መኪና። ሁለተኛውን ሲሰሙ ይስቁብሃል። ይሳቁ።

ጥያቄ፦ የሲቢኤሱ የማታ ቶክ ሾው አቅራቢ የኮልቤር ፕሮግራም መዘጋትስ ያው የሌኖና የኮናን ዓይነት ነገር ነው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ አይደለም። በ2010 አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ነበር። ሲቢኤስ በጁላይ 2025 ሲያስታውቅ ግን ኮልቤርን ብቻ አይደለም የሸኘው፣ ሌተርማን በ1993 የከፈተውን ፕሮግራም በሙሉ በሜይ 2026 እንዲያበቃ ነው የወሰነው። ወንበሩን ራሱ አጣጠፈው። ጣቢያው ምክንያቱ የገንዘብ ብቻ ነው አለ። ኮልቤር ግን ከዚያ ቀናት ቀደም ብሎ የሲቢኤስ እናት ድርጅት ፓራማውንት ትራምፕ የመሠረተበትን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት መጨረሱን በገዛ ፕሮግራሙ ላይ "ትልቅ ጉቦ" ብሎት ነበር፤ ድርጅቱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ስካይዳንስ ከሚባል የፊልም ድርጅት ጋር ለመዋሐድ የመንግሥት ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። ሰው ሁለቱን ነገር ማያያዙ አይገርምም። እኔ ግን የገንዘቡም ነገር ውሸት ነው አልልም፤ ያቺን ሰዓት ዛሬ ስንቱ በቴሌቪዥን ይጠብቃል? የኮዬ ፈጬው ባል እንኳን የ2010ሩን ጠብ የሚያየው በስልኩ ነው፣ ያውም ከፈረቃ ሲገባ፣ በራሱ ሰዓት።