«ቁጠባ» ወይስ «ቅነሳ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ለማኅበራችን ወጣቶች የ2015ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የብሪታንያ ምርጫ ክርክር በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነበር። «ኦስተሪቲ» የሚለውን፣ ማለትም መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለማጥበብ ወጪ የሚቀንስበትንና ግብር የሚጨምርበትን ፖሊሲ፣ «ቁጠባ» ብዬ ጻፍኩት። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «ለመንግሥት ወግነሃል፤ ቅነሳ ነው የሚባለው» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ቅነሳ ካልክ ለተቃዋሚ አዳላህ» አለች። የቱ ነው ትክክል? «ወገንተኝነት» እና «አድልዎ»ስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ትንሽ ቸኩሏል እንጂ ነገሩ ሸቶታል።

«ቁጠባ» በአማርኛ ምስጉን ቃል ነው። ቆጣቢ ሰው፣ ቆጣቢ ምድጃ፣ የቁጠባ ሂሳብ እንላለን። ማንም ቢሆን ቆጣቢ ሲባል ደስ ይለዋል። ስለዚህ አንድን የመንግሥት ፖሊሲ «ቁጠባ» ያለ ሰው፣ ሳያስበው ግማሹን ክርክር ለመንግሥት አሸንፎለታል።

ዋናው ጣጣ ግን ሰዋስው ላይ ነው። «500 ፓውንድ ቆጠብኩ» ካልኩ ገንዘቡ የራሴ ነው። ሳልበላ የቀረሁት እኔ፣ ነገ የምጠቀመውም እኔ። መንግሥት ሲቆጥብ ግን ቆጣቢው ሌላ፣ አንጀቱን የሚያስረው ሌላ ነው። «ቆጠቡብኝ» የሚል ሰው ሰምተዋል? እምብዛም አይሰማም። ቢሰማም «ነፈጉኝ» ለማለት ነው። ቃሉ ተጎጂውን የሚያስገባበት በር የለውም።

«ቀነሰ» በሁለቱም በኩል ክፍት ነው። ነጋዴው ዋጋ ቀነሰልኝ፣ አሠሪው ደሞዝ ቀነሰብኝ። አንዲት «ል» እና አንዲት «ብ» ፍርዱን ለተናጋሪው ይተዉለታል። «ከምን ላይ?» የሚል ጥያቄም ወዲያው ያስከትላል። ለዚህ ነው እኔም «የመንግሥት ወጪ ቅነሳ» የምለው። ቅነሳ የተቃዋሚ ቃል ነው የሚለው አያስኬድም። ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ሌበር ራሱ በ2015 የበጀት ጉድለቱን እቀንሳለሁ ብሎ ነው የተወዳደረው። ፖሊሲውን ፊት ለፊት ሲቃወሙ የነበሩት እንደ ስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ያሉት ናቸው።

«ቅነሳ»ም ቢሆን ሁሉንም አይሸፍንም። በ2010 ወግ አጥባቂዎችና ሊበራል ዴሞክራቶች የመሠረቱት ጥምር መንግሥት ወጪ መቀነስ ብቻ አይደለም ያደረገው። በጥር 2011 የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ17.5 ወደ 20 በመቶ አሳድጓል። ይህን ቅነሳ ሊሉት አይችሉም። መጀመሪያ ሲጠቅሱት ዘርዝረው ይጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይቻላል።

«ቀበቶ ማጥበቅ» የሚሉም አሉ። እኔ አልወደውም። በአማርኛ ወገቡን የታጠቀ ሰው ለሥራ ወይም ለጠብ የተነሳ ነው። ለችግሩ የራሳችን «አንጀት ማሰር» አለልን።

ስሙ ራሱ የክርክሩ ማዕከል የሆነበትም ጊዜ አለ። ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ በካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) እና በመሰል ቤቶች የሚኖሩና የቤት ኪራይ ድጋፍ የሚያገኙ፣ ለሥራ የደረሱ ተከራዮች ትርፍ መኝታ ክፍል ካላቸው ድጋፉ ተቀነሰባቸው። ለአንድ ክፍል የኪራዩ 14 በመቶ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 25 በመቶ። መንግሥት «የትርፍ ክፍል ድጎማን ማንሳት» አለው። ተቃዋሚዎች «የመኝታ ቤት ግብር» አሉት። በሕግ ቋንቋ ግብር አይደለም። ግን ከድጋፉ የኪራይዋ 14 በመቶ የጎደለባት እናት ድጎማ ተነሳልኝ ትላለች? (እኛም አገር የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር «ማስተካከያ» ነው የሚባለው። ምን ተጣሞ እንደነበረ አይነገረንም።) እዚህ ላይ የሚያወጣዎት «የሚሉት» ነው፦ «ተቃዋሚዎች የመኝታ ቤት ግብር የሚሉት»። ስሙን ለባለቤቱ መመለስ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። «ወገንተኝነት» ከ«ወገን» ነው። ወገን መሆን በራሱ ነውር አይደለም። «አድልዎ» ግን ሥሩ ሌላ ነው። በግዕዝ «ደለወ» መዘነ ማለት ነው፤ «መዳልው» ሚዛን ነው። «አድለወ» ሲል ሚዛኑ ወደ አንዱ አጋደለ። ስለዚህ ወገንተኛ ጎራውን የመረጠ ሰው ነው። ያዳላ ግን ሚዛን ተሰጥቶት ያጋደለ ነው። ለዚህም ነው ዳኛ «አዳላ» የሚባለው። የቡድን ደጋፊ አዳላ ቢባል ያስቃል።

የብሪታንያ ጋዜጦች ለፓርቲ በይፋ ይወግናሉ። የ2015 ምርጫ አንድ ሳምንት ሲቀረው «ዘ ሰን» ወግ አጥባቂዎችን ምረጡ አለ። በዚያው ቀን የስኮትላንዱ እትሙ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲን ምረጡ አለ! ይህ ወገንተኝነት ነው፤ ለዚያውም እንደየገበያው። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ግን ገለልተኛ የመሆን ግዴታ አለባቸው። በታኅሣሥ 2014 የበጀት ትንበያ መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ወጪ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ወደ 35 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ገመተ። ምናልባትም በ80 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ይሆናል አለ። የቢቢሲ ዘጋቢ ይህን ከ1930ዎቹ የችግር ዘመን ጋር አያይዞ ተናገረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ግነት ነው ብለው ተቆጡ። ቁጥሩን አልካዱም፤ የተጣሉት ከምስሉ ጋር ነበር። እንዲህ ያለው ክስ የአድልዎ ክስ ነው።

እርስዎም ለወጣቶቹ ሲጽፉ ሚዛን ያዥ ነዎት። ስለዚህ ጓደኛዎ «ወግነሃል» ሳይሆን «አዳልተሃል» ማለት ነበረበት። በዚህ በኩል ትክክለኛውን ቃል የመረጠችው ሌላዋ ናት። መክፈቻዎን እንዲህ ቢያደርጉት ሁለቱም የሚስማሙ ይመስለኛል፦ «በ2010 የተመሠረተው ጥምር መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለማጥበብ ወጪ ቀነሰ፤ አንዳንድ ግብርም ጨመረ። ደጋፊዎቹ ይህን ቁጠባ አሉት፤ ተቃዋሚዎቹ በድሃ ላይ የተጣለ ሸክም አሉት።»